የሳይንስ አማካሪ

ጠፈር ላይ ድምፅ የለም። መምህር ገብረዋህድ ይህን የተናገሩት ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ዳይሬክተሩ ኤልዳድ ራሱን እየነቀነቀ ሰማቸው፤ «ልክ ነዎት ቲቸር» አላቸው፤ ስልኩ ላይም ጻፈው። ድራማው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ የመንኮራኩሯ ሞተር ፈነዳ፤ የጎረቤታቸው የእትዬ ጥሩዬ ብርጭቆዎች ቁምሳጥን ውስጥ ተንቀጫቀጩ።

በማግስቱ ጠየቁት።

«ቲቸር፣ ድምፅ ከሌለው ሰው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ ይመስለዋል» አለ ኤልዳድ። «ሪሞቱን ነው የሚደበድበው።»

ይህም እውነት ነበር።

ድራማው «ማዶ ሰማይ» ይባላል። ከምድር በላይ በመንኮራኩር የሚኖሩ የእኛው አገር ተመራማሪዎች ታሪክ ነው። የሚቀረጸው ካዛንቺስ፣ አንድ ያላለቀ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው። የመንኮራኩሯ ወንበሮች ከአሮጌ ሚኒባስ የተፈቱ ናቸው፤ በሮቿ የፍሪጅ በሮች ናቸው፤ ቄራ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተበይደው ብርማ ቀለም ተቀብተዋል። መምህር ገብረዋህድ በዚህ አልሳቁም። ልጆቹ ባላቸው ነገር ነው የሠሩት። እሳቸውም ሲያስተምሩ ምድርን በብርቱካን፣ ፀሐይን በሻማ ነበር የሚያሳዩት።

ኤልዳድ ተማሪያቸው ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምረውታል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ደምበል አካባቢ መንገድ ላይ አገኛቸውና «ቲቸር፣ የሳይንስ አማካሪ ይሁኑልን» አላቸው።

«እኔ የማውቀው የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ ያህል ነው» አሉት።

«እኛ እሱንም አናውቅም።»

ተስማሙ። ቤት መዋል ከብዷቸው ነበር። ደግሞም ልጆች በሚያዩት ነገር ውስጥ ቢያንስ ትልልቁ ስህተት አይኑር ብለው ነው።

ሥራቸው ስክሪፕት ማንበብ ነበር። እንደ ፈተና ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ። ጨረቃ ላይ ሻማ አይበራም። ክብደት በሌለበት ሻይ ከፔርሙስ አይቀዳም። ኮከብ ቅርብ ስለመሰለ ውሎ ገብ አይኬድበትም። የማያውቁት ሲመጣ ጠርዙ ላይ «አላውቅም» ብለው ይጽፋሉ። ደራሲዋ ሀኒ ወረቀቱን ተቀብላ አገላብጣ ታየውና «ይታያል ቲቸር» ትላለች። ይታያል ማለት አይታይም ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

አንድ ነገራቸው ግን ይሰማ ነበር። ቀረጻ ሊጀመር ሲል ኤልዳድ «ዝም በሉ፣ ቲቸር ሊመርቁን ነው!» ይላል። መብራት የያዘው፣ ሜካፕ የምትቀባዋ፣ የጠፈር ልብስ ለብሶ የራስ ቁሩን በብብቱ የያዘው ተዋናይ ሳይቀር አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ። መምህሩ እጃቸውን ይዘረጋሉ። «ሥራችሁን ያቅናላችሁ።» «አሜን!» «ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ።» «አሜን!» በዚያ ፎቅ ላይ ከሚናገሩት ሁሉ አንድ ቃል ሳይጣል የሚወሰደው ይህ ብቻ ነበር።

ድራማው ሲያልቅ ስሞች ይወጣሉ። ኤልዳድ አክባሪ ልጅ ነው፤ የእሳቸውን ስም ለብቻው፣ በትልቁ አስወጣው፦ «የሳይንስ አማካሪ፦ መምህር ገብረዋህድ»።

እትዬ ጥሩዬ ይህን ጽሑፍ በዓይናቸው አላነበቡትም። ልጃቸው ራሄል አነበበችላቸው።

እትዬ ጥሩዬና መምህር ገብረዋህድ ድሮ ካዛንቺስ በአንድ ግቢ ውስጥ ኖረዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ጎተራ ኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ተከራዩ። እንዲያ እንዲሆን ያደረጉት እትዬ ጥሩዬ ናቸው። «ማን ጋዜጣ ያነብልኛል? እሱ የሌለበት አልሄድም» ብለው እንቢ አሉ። በዕድሜ መምህሩን ይበልጧቸዋል። የመምህሩ ባለቤት ያረፉ ጊዜ ያን ቤት ሰው ያለበት ቤት አድርገው ያቆዩት እሳቸው ናቸው፤ ትሪ ተሸፍኖ ይመጣል፣ ባዶው ይመለሳል፣ ስለሱ አንድም ቀን አልተነሣም።

ድሮ ክርና አዝራር ይነግዱ ነበር። ልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ፤ እትዬ ጥሩዬ አንዴ ወደ በሩ ብርሃን አውጥተው ያዩትና ክሩን ከነቀለሙ ያወጡታል። ተሳስተው አያውቁም። አሁን ያ ዓይን ታሟል። ግላኮማ ነው።

ሐኪሙ ሲናገር መምህሩም አብረው ነበሩ። የጠፋው እይታ አይመለስም አለ። ጠብታው የቀረውን ያቆያል፤ ከተቋረጠ የቀረውም ይሄዳል። የቀረው ብዙ አይደለም፤ የበር ቅርጽ፣ የሰው አካሄድ፣ የቴሌቪዥን ብርሃን። ቢሆንም በዚያ በቀረው ደረጃ ይወርዳሉ፣ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ የመጣውን ሰው ገና ከሩቅ በስሙ ይጠሩታል።

ከዚያ የዶክተር ሶስና ክፍል መጣ።

ዶክተር ሶስና የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። በፍንዳታው ዓይኗ ጠፍቷል። ሀኒ በጻፈችው መሠረት ሶስና ወደ መንኮራኩሯ መስኮት ትወሰዳለች፤ ፀሐይ ከምድር ጀርባ ስትወጣ ዓይኗን ሳትከድን ታያታለች፤ በየማለዳው እንዲህ ስታደርግ ሰንብታ አንድ ቀን የእጇን ጣቶች ታያለች። መምህሩ ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዘው «ፈጽሞ ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም ያሳውራል» ብለው ጻፉበት።

«ቲቸር፣ እሱ እኮ ተስፋ ነው» አለች ሀኒ። «ማለቴ፣ በቃ፣ ብርሃን ሲባል... ስሜቱን ይዩት።»

«ስሜቱ ገብቶኛል። ፀሐይን ትኩር ብሎ ያየ ሰው ዓይኑ ይቃጠላል።»

«እሷ እኮ ከጠፈር ላይ ነው የምታየው!»

«ከዚያ ሲሆን ይብሳል፤ የሚከልል አየር የለም።»

«ይታያል ቲቸር» አለ ኤልዳድ።

ክፍሉ ተላለፈ። ሰው አለቀሰ። መምህሩን ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ደረጃ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ እጃቸውን ይጨብጥ ነበር።

አንድ ማለዳ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እትዬ ጥሩዬን በፎቁ የጋራ በረንዳ ላይ አገኟቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወደ ምሥራቅ ነው። ፀሐይዋ ከማዶ ሕንፃዎች በላይ ብቅ ብላለች። እትዬ ጥሩዬ ዓይናቸውን በልጥጠው ያይዋታል፤ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም።

«እትዬ ጥሩዬ! ምን እያደረጉ ነው?»

«መጣህ መምህር? ዝም በል፣ ቆጠራዬን አታጥፋብኝ። አባታችን ሆይን እስክጨርስ ነው የማያት።»

መምህሩ ሄደው በእጃቸው የእትዬ ጥሩዬን ዓይን ከለሉ። እትዬ ጥሩዬ እጁን መታ አድርገው አወረዱት።

«ዓይንዎን ያጠፋዋል።»

«ሶስናን አጠፋት?»

«ሶስና የለችም! ድርሰት ናት። ልጅቷ ተዋናይ ናት፤ ዓይኗ ደህና ነው፤ እዚያው ካዛንቺስ ቁጭ ብላ በርገር ስትበላ አይቻታለሁ።»

እትዬ ጥሩዬ ሳቁ። «እሷማ ትብላ። እኔ የምልህ ነገሩን ነው። የሳይንስ አማካሪው ማን ነው? ራሄል አንብባልኛለች። ስምህ ነው።»

«እኔ አይሆንም ብዬ ነበር።»

«አይሆንም ብለህ ስምህን ሰጠህ?»

መምህሩ የዳቦ ፌስታላቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«አንተ የእህትህን ልጅ በአንድ ነጥብ የጣልክ ሰው ነህ» አሉ እትዬ ጥሩዬ። «ካዛንቺስ ሙሉ ያውቅሃል። ገብረዋህድ ሐሰት አያሳልፍም። ታዲያ ላገር ሕዝብ ሐሰት አሳልፈህ ለእኔ ለብቻዬ እውነቱን ልትነግረኝ ነው? ይልቅ ልታስፈራራኝ ነው። ያ ዶክተር መክሮህ ነው።»

«ጠብታውን ጨምረዋል?»

«ያቃጥለኛል። ይቺ አታቃጥልም።»

እያቃጠለቻቸው ነበር። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል።

ራሄልን ማታ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ጠበቋት። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ማለዳ ፈረቃ ሲደርስባት ገና በጨለማ ትወጣለች።

«እኔንም አትሰማኝም ጋሼ» አለች። «ጨምሬያለሁ ትለኛለች፤ ብልቃጡ ግን አይጎድልም። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ። ምን ትለኛለች መሰለዎት? ጋሼ ገብረዋህድ የፈረመበት ነው ትላለች። ማንን ልጥራባት? ቄስ ብጠራ እርስዎን ትጠራብኛለች።»

ይህን ስትል አላየቻቸውም። የጫማዋን ተረከዝ ነበር የምታየው።

በማግስቱ ካዛንቺስ ወጡ። በእግራቸው ነው የሄዱት። ድሮ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱበት መንገድ አሁን ሰፍቶ፣ መብራት ተተክሎበት፣ መታጠፊያው ጠፍቷል። ሕንፃው ጋ ሲደርሱ ሊፍቱ አይሠራም ነበርና ደረጃውን እያረፉ ወጡ።

ኤልዳድና ሀኒ ሚኒባሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፓስቲ እየበሉ ነበር። ተነሡላቸው። መምህሩ ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ሀኒ የያዘችውን ፓስቲ አስቀመጠች።

«እውነትዎን ነው ቲቸር? በድራማ?»

«በድራማው አይደለም። በስሜ ነው።»

«የኔ እናት» አለች ሀኒ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ አያቴን አስቤ ነው የጻፍኩት።»

ኤልዳድ ጢሙን እያሸ ቆየ። ክፉ ልጅ አይደለም። ሲጨነቅ ስምንተኛ ክፍል እያለ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ የሚጨነቀውን መጨነቅ ነው የሚጨነቀው። «የተላለፈውን መመለስ አንችልም» አለ። «ቅዳሜ ግን የመጨረሻው ክፍል አለ። ቲቸር፣ ለምን እርስዎ ራስዎ አይናገሩም? ድራማው እንዳለቀ፣ ሰው ፊትዎን አይቶ፣ ድምፅዎን ሰምቶ።»

መምህሩ አሰቡ። ከዚህ የተሻለ ነገር አልጠበቁም ነበር።

ከመንኮራኩሯ መስኮት ፊት አስቀመጧቸው። ሜካፕ የምትቀባዋ ግንባራቸውን በዱቄት ነካ ነካ አደረገች። መብራቱ በራ። መምህሩ ያን ጊዜ ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉ የኖሩትን አደረጉ። መምህራን ማሠልጠኛ የተማሩት ሕግ ነው፤ ከሚታወቀው ተነሥ፣ ወደማይታወቀው ሂድ። ተማሪን በስህተቱ አትጀምርበት፤ በሚያውቀው ጀምርለት።

«ብርሃን ጉልበት ነው» አሉ። «ዓይን ያለ ብርሃን አያይም። ብርሃን ለዓይን ምግብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ነገር ግን ምግብም ሲበዛ ይገድላል። ፀሐይን ትኩር ብሎ ማየት ዓይንን ያቃጥላል። ዶክተር ሶስና የዳነችው በድርሰት ነው፤ በእውነት እንዲህ ያለ ነገር የለም። ዓይኑን የታመመ ሰው ሐኪሙን ይስማ፤ ጠብታውን አያቋርጥ።»

ጨረሱ። ዝም ሲሉ ግን ፎቁ ሁሉ ዝም አለ፤ ከመብራቱ ጀርባ ያሉት ሁሉ እንደ ልማዳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌ ሰው እንዲህ እየተጠበቀ ዝም ብሎ አይነሣም። እጃቸው ራሱ ተዘረጋ።

«እግዚአብሔር ዓይነ ብርሃናችሁን ይጠብቅላችሁ። የጨለመባችሁን ያብራላችሁ።»

«አሜን!» አለ ፎቁ።

ሲመለሱ ቤታቸው አልገቡም፤ ቀጥታ እትዬ ጥሩዬ ዘንድ ሄዱ።

«ቅዳሜ እኔ ራሴ እናገራለሁ። በቴሌቪዥን።»

«አንተ?»

«እኔ። ስሜ ብቻ አይደለም። ፊቴም፣ ድምፄም።»

እትዬ ጥሩዬ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «እሺ» አሉ። «አንተ እዚያ ወጥተህ ተዪው ካልከኝ እተዋለሁ። ጠብታውንም እጨምራለሁ፤ ያቃጥለኝ። እስከዚያው ግን አታንገላታኝ።»

ራሄል ወጥ ቤት ሆና ሰምታለች። በሩ ድረስ ስትሸኛቸው እጃቸውን ሳመች።

እስከ ቅዳሜ እትዬ ጥሩዬ በየማለዳው በረንዳው ላይ ነበሩ። መምህሩ ቃል ስለተባባሉ አልተናገሯቸውም። በራቸውን ገርበብ አድርገው ከውስጥ ቆመው ያዳምጣሉ፤ በርጩማው ሲጎተት፣ አባታችን ሆይ ሲባል፣ በርጩማው ሲመለስ። ኀሙስ ዕለት እትዬ ጥሩዬ ሲመለሱ የራሳቸውን በር ስተው የመምህሩን በር ዳበሱ። «የኔ መስሎኝ» አሉና ሳቁ።

ቅዳሜ ሦስቱም እትዬ ጥሩዬ ቤት ተቀመጡ። ራሄል ፈረቃ ለውጣ ነበር የመጣችው። እትዬ ጥሩዬ ለቴሌቪዥኑ ቀርበዋል፤ ጉልበታቸው ጠረጴዛውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዶክተር ሶስና ዓይኗ በርቶ ወደ ምድር ተመለሰች፤ እናቷን ከሩቅ አይታ ሮጠች። እትዬ ጥሩዬ አለቀሱ። ከዚያ ማስታወቂያ ገባ፤ የሳሙና፣ የባንክ፣ የቀለም፣ እንደገና የሳሙና።

ከዚያ መምህር ገብረዋህድ ወጡ።

«ጋሼ!» አለች ራሄል። «እማዬ፣ ጋሼ ናቸው፣ ኮታቸውን ለብሰው!»

«ዝም በይ፣ ልስማው።»

«ብርሃን ጉልበት ነው» አለ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ገብረዋህድ። «ዓይን ያለ ብርሃን አያይም። ብርሃን ለዓይን ምግብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።»

ሥዕሉ ትንሽ ብልጭ አለ። ልብ ብሎ ለማያይ ሰው ምንም አይደለም። እጃቸው ተዘርግቶ ነበር።

«እግዚአብሔር ዓይነ ብርሃናችሁን ይጠብቅላችሁ። የጨለመባችሁን ያብራላችሁ።»

«አሜን!» አለ ቴሌቪዥኑ።

«አሜን» አሉ እትዬ ጥሩዬ። ሙዚቃው ገባ። ስሞች መውጣት ጀመሩ።

ራሄል መምህሩን አየቻቸው። እሳቸው ቴሌቪዥኑን ነበር የሚያዩት፤ የሚቀጥል ነገር እንዳለ ሁሉ። የሳይንስ አማካሪ የሚለው በትልቁ ወጣ፤ አለፈ።

መምህሩ ኮሪደር ወጥተው ደወሉ። ኤልዳድ ስልኩን ያነሣው ብዙ ከጠራ በኋላ ነው። ከበስተኋላው ጫጫታ ይሰማል፤ መጨረሳቸውን እያከበሩ ነው።

«መካከሉ የት ሄደ?» አሉ መምህሩ።

«ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ልደውልልዎት ነበር። ጣቢያው ጊዜ ወሰደብን፤ ማስታወቂያ ጨመሩ። አሳጥሩ አሉ። ኤዲተሩ ልጅ ደግሞ፣ ያው፣ መጀመሪያውንና ምርቃቱን አስቀረ። ምርቃት አይቆረጥም ብሎ ነው።»

«የተቆረጠው ዋናው ነው።»

«አውቃለሁ ቲቸር። እኔም አሁን ነው ያየሁት። ግን ሰው እንዴት እንደወደደዎት ቢያዩ! ስልኬ አላረፈም።»

«ድገሙትና አስተካክሉት።»

«አለቀ እኮ። የመጨረሻው ክፍል ነው። ዩቲዩብ ላይም ወጥቷል፤ እዚያ ያለውም ጣቢያው የሰጠው ነው፤ የእኛ አይደለም። የሚቀጥለው ምዕራፍ ከተፈቀደልን እዚያ ላይ እናስገባዋለን። ቃል እገባለሁ።»

«መቼ ነው?»

«ይታያል ቲቸር።»

ተመልሰው ገቡ። ራሄል ጠብታውን ይዛ እናቷ አጠገብ ተንበርክካለች።

«እትዬ ጥሩዬ» አሉ መምህሩ። «ቆርጠውታል። እኔ ያልኩት እንዲህ አልነበረም። ፀሐይን ማየት ያሳውራል ብያለሁ። ሶስና ድርሰት ናት ብያለሁ። ጠብታ አታቋርጡ ብያለሁ። ከመካከል አውጥተውት ነው።»

«ያንተ ድምፅ አልነበረም?»

«የኔ ነው።»

«ብርሃን ለዓይን ምግብ ነው አላልክም?»

«ብያለሁ፣ ነገር ግን...»

«የጨለመባችሁን ያብራላችሁ አላልክም?»

«ብያለሁ።»

እትዬ ጥሩዬ እጃቸውን ዘርግተው የመምህሩን ጉልበት ፈለጉ፤ አገኙትና መታ መታ አደረጉት። «ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል? ቃሌን ሰጥቼህ ነበር፤ ተዪው ብትለኝ ኖሮ እተወው ነበር። አላልከኝም። መረቅከኝ። አሜን አልኩ። አሁን ምርቃቱን መልስልኝ ልትለኝ ነው?»

መምህር ገብረዋህድ ብዙ ነገር ያውቁ ነበር። የብርሃንን ፍጥነት ያውቃሉ። ብርሃን ከፀሐይ እስከዚህ በረንዳ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት ያውቃሉ። ምርቃት እንዴት እንደሚመለስ ግን አልተማሩም፤ የሚያስተምርም አያውቁም።

ራሄል የጠብታውን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

በማግስቱ መምህሩ ቀድመው ወጡ። ሰማዩ ገና ገረጣ ነው። የበረንዳውን ብረት ተደግፈው፣ ጀርባቸውን ለምሥራቅ ሰጥተው ቆሙ። በሩ ተከፈተ። እትዬ ጥሩዬ በአንድ እጃቸው በርጩማውን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው መጡ። ድሮ ከሩቅ በስም ይጠሯቸው ነበር። አሁን አጠገባቸው ደርሰው ተቀምጠው እንኳ ምንም አላሉም። ፊታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።

ፀሐይዋ ወጣች። መምህሩ ሙቀቷን በማጅራታቸው አወቁት። ጥላቸው እትዬ ጥሩዬ ላይ ወደቀ።

እትዬ ጥሩዬ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። «ይቀዘቅዛል። ማን ነው የቆመው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፈቀቅ በልልኝ ወንድሜ።»

አልተንቀሳቀሱም። እትዬ ጥሩዬ በርጩማውን ወደ ግራ ገፋ አደረጉ። መምህሩ አንድ እርምጃ ተከተሉ። ወደ ቀኝ መለሱት። መምህሩም ተመለሱ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከኔ ጋር ልትጫወት ነው በስተርጅና?» እትዬ ጥሩዬ ሳቁ፤ ከልባቸው ነበር። ከዚያ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተመቻችተው ተቀመጡ። «ይሁን፣ ቁም። እኔ አልቸኩልም። ፀሐይዋ እንደሆነች ከፍ ትላለች።»

መምህር ገብረዋህድ በዚህ አባባል የሚያርሙት ነገር ፈለጉ። ምንም የለበትም። ልክ ነበር።

ከትከሻቸው በላይ ብርሃኑ እየነጣ ሄደ፤ እትዬ ጥሩዬም ፊታቸውን እንዳቀኑ፣ ዓይናቸውን እንደገለጡ ይጠብቁ ነበር።